ለቋሚ ሰው ቀጭኔ አይመጣም

መጀመሪያ የተሰማው ድምፁ ነው። ከታች፣ ከመሬት፣ እንደ ንብ መንጋ እየተመመ ተነሣ፤ አንደኛ ፎቅ ላይ ወፈረ፣ ሁለተኛው ላይ ቀጠነ፣ ሦስተኛውን አልፎ ከመጋረጃው ጀርባ ሲደርስ ቀጥ አለ። ቤት ውስጥ የነበሩት ሦስት ሰዎች ቀና አላሉም። ኮዬ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ያንን ድምፅ የማያውቅ የለም። በየሳምንቱ ከአንዱ ብሎክ ይሰማል፤ የሰማው ሁሉ ደግሞ መጀመሪያ የሚያደርገው የማን በረንዳ ላይ እንደቆመ መገመት ነው። ዛሬ የሚገመት ነገር አልነበረም።

ያቤጽ መጋረጃውን ገለጠ። ቀጭኔ የሚሉት መኪና እግሮቹን ታች መኪና ማቆሚያው ላይ ተክሎ፣ አንገቱን እስከ አራተኛ ፎቅ ዘርግቶ፣ ጠፍጣፋ ነጭ መደቡን ከበረንዳው ጠርዝ ጋር አጋጥሟል።

“የሟች ስም ያረጋግጡ” አለ በለዘበ የሴት ድምፅ።

“ፌቨን ኃይለልዑል።”

“እግዚአብሔር ያጽናችሁ። እባክዎ የልብስ ማስጫውን ገመድ ያንሡ።”

ያቤጽ ገመዱን ፈታ። ገመዱ ላይ የእናቱ ሹራብ ነበር፤ ከመታመሟ በፊት ራሷ አጥባ ያሰጣችው። ደርቋል። አጥፎ ክንዱ ሥር ያዘውና የሬሳ ሳጥኑን ወደ መደቡ ገፋ። ከዚያ በኋላ ምንም የሚሠራ ነገር አልነበረውም፤ ማሰሪያዎቹ በራሳቸው መጥተው ሳጥኑን ያዙት። እናቱ በበረንዳ ወጣች። በዚህ ብሎክ ከሞቱት ሰዎች በደረጃ የወረደ ማንም የለም።

አባቱ ጋሽ ሮቤል ከወንበሩ ላይ ሆኖ አንገቱን ወደ በረንዳው አስግጎ ሲያይ ነበር። መደቡ ሲላቀቅ “ቀስ! በግራህ ዛፍ አለ፣ ቀስ በል!” ብሎ ጮኸ። ዕድሜውን በሙሉ ሚኒባስ የነዳ ሰው ነው።

“ሹፌር የለውም እኮ፣ ሮቤል” አለች እትዬ ብሌን። የፊት ለፊት በር ጎረቤታቸው ናት፤ ባለ አራት እግር ምርኩዟን እየገፋች ገና በማለዳ መጥታ ከጥግ ተቀምጣለች።

“ስለሌለው አይደል የምነግረው!”

ቀጭኔው ዛፉን በራሱ ጊዜ ዘወር ብሎ ወረደ። ድምፁ እየራቀ ሄዶ ሲጠፋ ጋሽ ሮቤል መዳፎቹን ጉልበቶቹ ላይ አድርጎ ልጁን አየው።

“ቀብሩ በዘጠኝ ሰዓት ነው አላችሁ?”

“በዘጠኝ ሰዓት።”

“እኔስ በምንድን ነው የምሄደው?”

ያቤጽ መኪኖቹን ሁሉ ያውቃቸዋል። አባቱ ከቤት ከቀረ ወዲህ፣ ሌላው የዕድሜ እኩያው ስለ ትዳር የሚያወጣውንና የሚያወርደውን ያህል እሱ ስለ መኪና ሲያወጣና ሲያወርድ ኖሯል። ኤሊ የሚሉት አለ፤ ሆዱ አስፋልቱን ሊነካ ምንም አይቀረው። ጎኑ ሲከፈት መቀመጫው ራሱ ወደ ውጪ ወጥቶ፣ ዞሮ፣ ሰውን ይቀበላል። ጉልበት ለከዳው ሰው ከኤሊ የተመቸ የለም፤ ኤሊ ግን ደረጃ አይወጣም። ጉንዳን አለ፤ የቤት ዕቃ ያመላልሳል፤ ግድግዳ ለግድግዳ እስከ ጣሪያ ይወጣል። ሳጥኑ ውስጥ የሚተነፍስ ነገር ከሰማ ግን ቆልፎ ይቆማል፤ ባለፈው ክረምት የሰው ድመት በሰማይና በምድር መሃል አንጠልጥሎ አውሎ ነበር። የቀረው ቀጭኔ ነው። ቀጭኔ በረንዳ ድረስ ይመጣል፤ ሰውን ከነወንበሩ ይቀበላል፤ ሳያንገጫግጭ አውርዶ እስከሚፈለገው ቦታ ያደርሳል። ለሞተ ሰው ያለ ጥያቄ ነው የሚመጣው። ለሕያው የሚመጣው ግን የጉዞ አቅም ምዘና ጽሕፈት ቤት ‘ተቀማጭ’ ብሎ የመደበው እንደሆነ ነው። ‘ቋሚ’ ለተባለ ኤሊ ይታዘዝለታል፤ ኤሊውም ታች በር ላይ ይጠብቀዋል።

እነዚህ ብሎኮች ሲሠሩ ዕጣ የደረሳቸው ሰዎች ወጣቶች ነበሩ። አሳንሰር አልተሠራላቸውም፤ ማንም አልጠየቀም። አራተኛ ፎቅ የደረሳቸው “ንጹሕ አየር” እያሉ እየሮጡ ወጡ። አሁን ሁሉም በየወጣበት ፎቅ አርጅቷል። ልጆቻቸው ከተማውን ለቀዋል፤ በብሎኩ ውስጥ ምርኩዝ ሳይዝ የሚወጣና የሚወርድ ያቤጽ ብቻ ነው። እድሩ ስሙ አለ፤ ድንኳን ይተክላል፣ ንፍሮ ያቀርባል። የሚሸከም ትከሻ ግን የለውም። የዛሬ ሁለት ዓመት ሦስት የእድሩ ሽማግሌዎች ጋሽ ሮቤልን በወንበር ተሸክመው ሊያወርዱ ሞክረው ነበር። ሁለተኛ ፎቅ ላይ የአንደኛው ጉልበት ከዳውና አራቱም ተያይዘው ተንከባለሉ። ከአራቱ አንዱ በሳምንቱ በበረንዳ ወጣ። የጋሽ ሮቤል ዳሌ ተሰበረ። ከዚያ ወዲህ በዚያ ደረጃ ላይ ሰው የተሸከመ ሰው የለም።

“ተቀማጭ ያሉህ እንደሆነ በቀጭኔ ትሄዳለህ” አለ ያቤጽ። “ጠይቄያለሁ። መዛኟ እየመጣች ነው።”

“ተቀማጭ ካልሆንኩ ታዲያ ምን ልሆን ነው?” አለ ጋሽ ሮቤል።

ያቤጽም ያሰበው ይህንኑ ነው። አባቱን ማንም ቢያየው ያውቀዋል። ስለዚህ ምንም አልነገረውም፣ ምንም አላዘጋጀውም። ጥቁር ኮቱን አለበሰው፤ ጫማውን ቦርሾ፣ ክሩን አሥሮ አደረገለት። ለመሄድ የተዘጋጀ ሰው አስመስሎ አስቀመጠው።

መዛኟ አራት ሰዓት ሲሆን ደረሰች። ሶልያና ትባላለች፤ ሃያ አምስት ቢሆናት ነው። ደረጃው አድክሟት በአፏ ትተነፍሳለች። ደረቷ ላይ የአዝራር ያህል የካሜራ ዓይን ተለጥፏል። በሩን ገፋ አድርጋ “እንደምን አደራችሁ” ብላ ገባች።

ጋሽ ሮቤል ሁለት እጆቹን የወንበሩ ክንዶች ላይ አሳረፈ። የአንገቱ ሥር ተገተረ። አንድ ጊዜ ወደ ፊት ተንገዳገደ፤ ከዚያ ያ ለሁለት ዓመት ያልታዘዘ ገላ፣ እየተንቀጠቀጠ፣ እያቃሰተ፣ ብድግ አለ።

“ኖር!” አለ።

ሶልያና ፈዛ ቀረች።

“‘በእግዜር’ በያቸው” አለቻት እትዬ ብሌን ከጥግ።

“በምን?”

“በእግዜር! እስክትያቸው እኮ ነው የቆሙት፣ ልጄ፣ ይወድቃሉ!”

“በእ... በእግዜር” አለች ልጅቷ፤ ጋሽ ሮቤልም ወንበሩ ላይ ተዘረገፈ። ከንፈሩ ነጭ ሆኗል። ያቤጽ ሮጦ ደገፈው።

“አባዬ! ምን ሆነህ ነው የተነሣኸው?”

“ሰው ገባ እኮ” አለ አባቱ፤ እንዲህ ያለ ነገር የሚጠይቅ ልጅ በማሳደጉ እንዳፈረ ሁሉ አየው።

ደረቷ ላይ ያለው ዓይን ጢት አለ። ሶልያና መጠየቅ ጀመረች፤ ጥያቄዎቹ የእሷ አልነበሩም፣ ጆሮዋ ውስጥ ከሚነግራት ድምፅ እየሰማች ነው የምትደግማቸው።

“ጋሼ፣ ከመቀመጫ ለመነሣት ይቸገራሉ?”

“ኧረ ምንም አይል፣ የኔ ልጅ።”

“ሕመም ይሰማዎታል?”

“እግዚአብሔር ይመስገን። አንቺስ ደህና ነሽ? ቤተሰብ ደህና? ደረጃው አደከመሽ አይደል?”

“ለመንቀሳቀስ ረዳት ያስፈልግዎታል?”

“ኧረ አትቸገሩ። ለእኔ ብላችሁ እንዳትቸገሩ።”

“ይሄ እኮ መልስ አይደለም!” አለ ያቤጽ። “ወግ ነው! ሰው ሲጠይቃቸው እንደዚህ ነው የሚሉት። ጣታቸው ቢቆረጥ ‘ይመስገን’ ነው የሚሉት!”

“ከተመዛኙ ሌላ የሚናገረውን አይሰማም” አለች ሶልያና ቀስ ብላ።

ዓይኑ እንደገና ጢት አለና በራሱ ድምፅ ተናገረ። ተመዛኝ ያለ ረዳት ከመቀመጫ ተነሥቷል። ተመዛኝ ሕመም የለውም። ተመዛኝ እርዳታ አልፈለገም። ምድብ፣ ቋሚ። ኤሊ ታዟል።

እትዬ ብሌን ብቻዋን ሳቀች፤ ሳቋ መሃል ላይ ወደ ሌላ ነገር ተለወጠባትና አፏን በነጠላዋ ያዘች።

“አንቺስ?” አለ ያቤጽ ሶልያናን። “አንቺ አላየሽም?”

“አይቻለሁ” አለች። “እግራቸው ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ። እኔ ያየሁት ግን አይመዘገብም።” ወደ ጋሽ ሮቤል ዞራ “ጋሼ፣ ምነው ባይነሡልኝ ኖሮ” አለችው፤ እሱም እንደ ምስጋና ወስዶት “ኧረ ለአንቺ ያልተነሣሁ ለማን ልነሣ” አላት። በደረጃው ላይ ኮቴዋ በጣም ሲፈጥን ተሰማ።

ብዙም ሳይቆይ ኤሊው መጣ። ታች በር ላይ ቆሞ ጎኑን ከፈተ፤ መቀመጫውን አወጣ፣ አዞረ፣ መጠበቅ ጀመረ። “አቶ ሮቤል፣ እንኳን ደህና መጡ” ይላል፤ ዝም ይላል፤ እንደገና “አቶ ሮቤል፣ እንኳን ደህና መጡ” ይላል። በየበረንዳው ያሉ ሽማግሌዎች ወደ ታች ያዩታል።

“ምን ይላል?” አለ ጋሽ ሮቤል።

“ይጠራሃል” አለች እትዬ ብሌን።

“ደህና ሰው ነው። ከፈለገ ይውጣና ይውሰደኝ።”

ያቤጽ ወደ መኪና ተራ በእግሩ ሮጠ። የከተማው መኪኖች ኤሌክትሪካቸውን የሚሞሉበት ሰፊ ሜዳ ነው፤ ማንም አይነዳቸውም፣ ማንም አይጠብቃቸውም፣ ደላላ ግን አለ። ባቢ የሚሉት፣ አምሳ ያለፈው፣ ፕላስቲክ ወንበር ላይ በጎኑ የተቀመጠ ሰው ነው። ከጀርባው ቀጭኔዎቹ አንገታቸውን አጥፈው በረድፍ ተኝተዋል።

“ቀጭኔ እፈልጋለሁ” አለው ያቤጽ።

“ማን የማይፈልግ አለ፣ ወንድሜ። ለማን ነው?”

“ለአባቴ። አራተኛ ፎቅ ነን።”

“ፋዘር ቋሚ ነው ተቀማጭ?”

“ቋሚ አሉት።”

“መቆም ይችላል?”

“አይችልም። ሰው ሲገባ ግን ይነሣል።”

ባቢ ወንበሩ እስኪነቃነቅ ሳቀ። “ወይ የድሮ ሰው! የኔም እንደዚያው ነበር እኮ! እግሩን ቆርጠውት ተኝቶ፣ ነርሷ ስትገባ ልነሣ ብሎ ነው ከአልጋ የወደቀው። ‘ምን ሆነው ነው፣ አባባ?’ ስትለው ‘ረስቼው’ አላት።” ዓይኑን ጠረገ። “እሺ፣ በጉንዳን ልጫንልህ? ቁም ሳጥን ነው ብለን እናስወርደዋለን።”

“ይተነፍሳል።”

“እሱ ነው ችግሩ። ይሄ መተንፈስ የሚባል ነገር ሁሉን ነገር አበላሸው። ባይተነፍስ ኖሮ ቀጭኔው ራሱ በነጻ በመጣ። ትንሽ ቸኩላችኋል፣ ትንሽ ብትታገሡ...”

“ሊቀብር ነው የሚሄደው” አለ ያቤጽ። “እናቴን። በዘጠኝ ሰዓት።”

ባቢ አፉን ያዘ። ከነበረበት ተቃንቶ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ።

“ነፍስ ይማር። ምነው ወንድሜ፣ ቀድመህ ብትነግረኝ ይሄን አፌን በዘጋሁ።” ወንበሩን ወደ ያቤጽ ሳበ። “ስማኝ። ዳግም ምዘና የሚባል አለ፤ በሰው። አቶ ኤፍሬም የሚባሉ ሽማግሌ አሉ። ደረታቸው ላይ ዓይን አያደርጉም፤ በራሳቸው ዓይን ነው የሚያዩት፤ ከቀሩት የመጨረሻው ናቸው። ‘ተቀማጭ’ ካሉ ቀጭኔው እሳቸው ከበሩ ሳይወጡ ነው የሚደርሰው። እኔ እለምናቸዋለሁ።”

“ዛሬ?”

“ዛሬ። ግን ፋዘርን አደራ! እንደ ለመደው ብድግ ብሎ እንዳያዋርደን። ሰውዬው የሚያዩት አንዴ ነው። አንዴ ካዩ በኋላ ጣልቃ ብትገባ፣ ብታለቅስ፣ ቄስ ብታመጣ አይሰሙም።”

ያቤጽ አራቱን ፎቅ ሲወጣ ሁለት ነገር ወስኖ ነበር። አባቱ አይነሣም። አባቱ አይናገርም። ጠዋት የገደሏቸው እነዚህ ሁለቱ ናቸው፤ እግሩና አፉ።

“ቁጭ ብለህ ትጠብቃቸዋለህ” አለው። “ምንም ቢሉህ ዝም ነው። ቀና ብለህም አትያቸው፤ ካየሃቸው መነሣትህ አይቀርም። መሬት መሬቱን እያየህ ዝም።”

“ዕድሜያቸው ስንት ነው?”

“እንጃ። ሽማግሌ ናቸው አሉ።”

“ጭራሽ ሽማግሌ!” ጋሽ ሮቤል እጁን አወናጨፈ። “ሽማግሌ ሰው ቤቴ ሲገባ እንደ ግንድ ተጋድሜ? በለቅሶ ቀን? ሰው እግዚአብሔር ያጽናህ ሊለኝ ሲመጣ?”

“ሊመዝኑህ ነው የሚመጡት።”

“በበር ነው የሚገቡት?”

“በበር ነው።”

“በበር የገባ እንግዳ ነው።”

“አባዬ፣ ትንሽ ጊዜ ነው። ‘ተቀማጭ’ እስኪሉ ብቻ። ከዚያ ይቅርታ ትጠይቃቸዋለህ።”

ጋሽ ሮቤል አልጋው ወዳለበት ክፍል አየ። አልጋው ተነሥቷል፤ ወለሉ ላይ የእግሮቹ ቦታ ብቻ ቀርቷል።

“ቄሱ የመጡ ቀን አንተ አልነበርክም” አለ። “መድኃኒት ልታመጣ ወጥተህ ነበር። እናትህ አፏ ተይዞ ነበር፤ እጇም አይታዘዝ። ቄሱ ሲገቡ ይሄን ትከሻዋን ከትራሱ ላይ አነሣችው። ይችን ታህል። እሳቸውም ገብቷቸው ‘በእግዜር፣ ልጄ፣ በእግዜር’ አሏት። ያንን ነው አንተ አታድርግ የምትለኝ።”

ያቤጽ ሄዶ መስኮቱ ጋ ቆመ። ታች ያለው መኪና አሁንም ይጣራል።

“እሷን ለመቅበር እኮ ነው” አለ።

ጋሽ ሮቤል እጆቹን አየ። እነዚያ እጆች አንድ ጊዜ አሥራ ሁለት ሰው ጭነው በክረምት ዳገት ወጥተዋል።

“እሺ” አለ።

ልምምድ አደረጉ። እትዬ ብሌን ምርኩዟን እየገፋች ወጣች፤ በሩ ተዘጋ፤ አንኳኳች፤ ገባች። “እግዚአብሔር ያጽናችሁ” አለች ድምፅዋን አጎርንና። ጋሽ ሮቤል ብድግ ሊል እጆቹ ወንበሩን ጨበጡ።

“አንተ ሰውዬ! ምን አለህ ልጅህ?”

“አላወቅኩትም! እጄ ነው!”

እንደገና ወጣች፣ እንደገና ገባች። አሁን አልተነሣም፤ ግን “ኖር” አለ። በሦስተኛው አፉን ዘጋ፣ መቀመጫው ግን ከወንበሩ ተነቀለ። በአራተኛው እትዬ ብሌን በሩ ላይ ደክሟት ቆመች።

“አልችልም” አለች። “አንተ መቀመጥ እስክትለምድ እኔ እሞታለሁ። ያኔ በረንዳው ላይ የሚመጣው ለእኔ ይሆንና አንተን እግረ መንገዱን ይዞህ ይሄዳል።”

ጋሽ ሮቤል ሳቀ። ከትናንት ወዲህ የመጀመሪያው ነው። ሳቁ ሲያልቅ ያቤጽን ጠራው።

“እሰረኝ።”

“ምን?”

“ገላዬ አልታዘዝ አለኝ። እሰረኝ። የእናትህን ነጠላ አምጣ።”

ያቤጽ ነጠላውን አመጣ። በአባቱ ወገብ ዙሪያ አዙሮ፣ ከወንበሩ ጀርባ አሳልፎ ቋጠረው። “አጥብቀው” አለ አባቱ፤ አጠበቀው። “ጨምር” አለ፤ ጨመረ። ከላይ ጋቢ ደረቡለት። ከፊት ለሚያየው አንድ ብርድ የያዘው ሽማግሌ ተቀምጧል። እትዬ ብሌን ጥጓን ያዘች፤ ማንንም ማየት አልፈለገችም።

አቶ ኤፍሬም ስምንት ሰዓት ሊሆን ሲል ደረሱ። ደረጃውን የወጡት በየፎቁ እያረፉ ነው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ጸጉራቸው እንደ ጥጥ የነጣ ሰው ናቸው፤ ከጋሽ ሮቤል ሳይበልጡ አይቀሩም። ባርኔጣቸውን አውልቀው ደረታቸው ላይ ያዙ። ደረታቸው ላይ ሌላ ነገር የለም። ደጃፉ ላይ ቆሙ።

“እግዚአብሔር ያጽናችሁ” አሉ።

የወንበሩ እንጨት ሲጢጥ አለ። ጋቢው ሥር ነጠላው ተወጠረ፤ ጋሽ ሮቤል ግን የነበረበት ነው። መሬት መሬቱን ያያል። መንጋጋው ተቆልፏል።

ሽማግሌው አልገቡም። የሚጠበቅ ቃል አለ፤ ቤት ውስጥ ያለ ሰው የሚላት አንዲት ቃል፤ ያችን እየጠበቁ ቆሙ። አልመጣችም።

“ይግቡ፣ ጌታዬ፣ ይግቡ” አለ ያቤጽ።

ገቡ። ያቤጽን አላዩትም። ወንበሩ ፊት ለፊት ቆመው የጋሽ ሮቤልን አናት ከላይ ወደ ታች ተመለከቱ።

“የሞቱት ባለቤትዎ ናቸው?” አሉ።

ዝም።

“ባለቤቱ ናት” አለ ያቤጽ ፈጥኖ። “መናገር አይችልም። መነሣትም መናገርም አይችልም።”

ይህን ሲል የአባቱ ትከሻ ሲሸማቀቅ አየ። ቃሉን መመለስ ፈለገ፤ ግን ወጥቷል። እትዬ ብሌን ጥግ ላይ ዓይኗን ጨፈነች።

አቶ ኤፍሬም ጎንበስ አሉ። የተቦረሹትን ጫማዎች አዩ፤ ጥብቅ ብሎ የታሰረውን ክር አዩ። ከጋቢው ጠርዝ በታች አንድ ጣት ያህል የነጠላ ጥለት ብቅ ብሎ ነበር፤ ዓይናቸው እዚያ ላይ ቆየ፤ ወይም ለያቤጽ እንደዚያ መሰለው። ከዚያ ቀና ብለው ቀኝ እጃቸውን ለሰላምታ ዘረጉ።

እጃቸው አየር ላይ ቀረ። ጋሽ ሮቤል አየው። መሬት መሬቱን እያየ እንኳ ያየዋል፤ ከዓይኑ ሥር ነው የተዘረጋው። የራሱ ቀኝ እጅ ጋቢው ውስጥ እንደ ተያዘ ወፍ ተንቀሳቀሰ። ልጁ የነገረውን አሰበና ያዘው። አንድ የውሃ ጠብታ ከአፍንጫው ጫፍ ጋቢው ላይ ወደቀ።

ሽማግሌው እጃቸውን ሰበሰቡ። ባርኔጣቸውን ደፉ። ዞሩ።

“ጌታዬ?” አለ ያቤጽ። “ጨረሱ? ተቀማጭ ነው አይደል? ምን ብለው ነው የሚያስተላልፉት?”

በበሩ ወጡ። ያቤጽ ተከተላቸው፤ ከደረጃው ራስ ላይ ቆሞ የብረት ድጋፉን ያዘ። ሽማግሌው አንድ እጃቸውን ግድግዳው ላይ እያሳረፉ ይወርዳሉ።

“አባባ! አንድ ቃል ይበሉኝ! ሰዓቱ እየደረሰ ነው! ቀጭኔው ይመጣል አይመጣም?”

የዚያን ጊዜ ከኋላው፣ ከቤት ውስጥ፣ ጋሽ ሮቤል ጮኸ። ወንበሩ ወለሉን እየፋቀ ሲንቀሳቀስ ይሰማል፤ ከነወንበሩ ሊነሣ እየታገለ ነው።

“ኖር! ኖር፣ ጌታዬ! መቀመጤን ይቅር ይበሉኝ! እግሬ እምቢ ብሎኝ ነው፣ ይቅር ይበሉኝ!”

ድምፁ በደረጃው ግድግዳ ላይ እየተጋጨ እስከ ታች ወረደ። አቶ ኤፍሬም ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነበሩ። ቆሙ። ያቤጽ ከላይ የባርኔጣቸውን አናት ብቻ ነው የሚያየው፤ ባርኔጣው ለአፍታ ሳይነቃነቅ ቆየ። ከዚያ መውረዱን ቀጠለ፤ አንደኛ ፎቅን አለፈ፤ ታች ደረሰ፤ በትልቁ በር ወጥቶ ሄደ። በበረንዳው በኩል የቀጭኔው ድምፅ አልተሰማም።